የተቆጣጣሪው ጾም

ባለፈው ሰሞን ቡሬ መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለች ምግብ ቤት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ምሳ ስንበላ አንዲት ወጣት ነጭ ጋውን ለብሳ ገባች። ከኪሷ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ ራሱ ላይ ቁጥር የሚያበራ ብረት መዘዘችና እምጣዱ ላይ ከተቀመጠው ጥብስ ውስጥ ሰካችው። ቁጥሩን አየች፣ ብረቱን ጠረገች፣ ፍሪጁን ከፈተች፣ የዘይቱን ጀሪካን አዙራ ቀኑን አነበበች። የምግብ ቤቷ ባለቤት እንደ አገራችን ወግ፣ «ምነው የኔ እመቤት፣ ቁጭ በይ እንጂ! እህል ቅመሺ፤ በባዶ ሆድሽ እንዲህ ትዞሪያለሽ?» ብላ ወንበር ሳበችላት። ልጅቷ ፈገግ ብላ፣ «ሥራ ላይ ነኝ እትዬ፤ ሥራ ላይ አልበላም» አለች። በቃ። መብረቅ አልወረደም፣ ባለቤቷም አልተቀየመች፣ ሌላው በላተኛም ሳህኑን አልገፋም። ጓደኞቼ ጥብሳቸውን ቀጠሉ። እኔ ግን መጉረሴን ትቼ ልጅቷን በዓይኔ ተከተልኳት። ያቺ ልጅ የምትሠራውን ሥራ እኔም በዚሁ አገር በጉብልናዬ ሠርቼዋለሁ። ያቺን አጭር ቃል የምትናገር ምላስ አጥቼ የሆንኩትን ስነግራችሁ እናንተም ታፍሩልኛላችሁ።

ፍኖተ ሰላም ያን ጊዜ እንዲህ በፎቅና በባጃጅ አልተጣበበችም። አስፋልቱ ዳርና ዳር የቆርቆሮ ምግብ ቤቶች ተደርድረው፣ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው አውቶቡስ ለምሳ ሲቆም አስተናጋጆቹ መስኮቱ ሥር እየሮጡ፣ «ቀይ አለ፣ አልጫ አለ፣ ትኩስ ጥብስ አለ!» ይላሉ። ሻይ ሃምሳ ሳንቲም፣ ከነዳቦው አንድ ብር ነው። ሥጋ ፍርፍር በሦስት ብር በልታችሁ ለአስተናጋጇ ሳንቲም ከተዋችሁላት የትልቅ ሰው ልጅ ትባላላችሁ። ከመናኸሪያው ማዶ ካለው ካሴት ቤት ደጃፍ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ ቀኑን ሙሉ ማሲንቆና ኦርጋን የተቀላቀለበት የፍቅር ዘፈን ይለቃል። ካሴቱ ሲያረጅ ይጎተትና ዘፋኟ እንደ ጎረምሳ ታጓራለች፤ እኛ ያንንም ወደነው ነበር። እኔ ከጤና ትምህርት ቤት ገና መውጣቴ ነው። ከሰልባጅ የገዛሁት፣ ትከሻው ለሌላ ሰው የተሰፋ ቡኒ ኮት አለኝ፤ ከሥሩ ቴትሮን ሱሪ፣ ከሱሪው ሥር ነጭ ሸራ ጫማ። በዚህ ሁሉ ላይ የመሥሪያ ቤቱን ጋውን ደርቤ፣ የእጅ ባትሪ ይዤ ብቅ ስል መንገዱ በሙሉ «ጤና መጣ! ጤና መጣ!» ይባባልና ድስቱ ይከደናል፣ ዝንቡ ይባረራል፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ንጹሕ ሽርጥ ይታጠቃል። እኔ ሳልደርስ ንጽሕናው ይደርሳል። ስሄድ ደግሞ አብሮኝ ይሄዳል።

ሥራችን ምን ነበር ብትሉ፣ ዕቃ በሦስት ሳፋ መታጠቡን እናያለን፤ አንዱ የሳሙና፣ ሁለቱ የማለቅለቂያ። የወጥ ሠሪዋን ጥፍር፣ የምርመራ ካርዷን፣ የሽንት ቤቱን ርቀት፣ ሥጋው ላይ የቄራው ወይን ጠጅ ማኅተም መኖሩን እናያለን። ማኅተም የሌለው ሥጋ ከተገኘ ሰው እንዳይበላው ነጭ ጋዝ ይፈስበታል። የተጠረጠረ ቅቤና በርበሬ ደግሞ በበረዶ ሣጥን አድርገን ለምርመራ ባሕር ዳር እንልካለን። ችግሩ ውጤቱ ነው። ቅቤው ተበልቶ፣ የበላው ሰው ታሞ፣ ታክሞ፣ ድኖ፣ ልጅ ድሮ ሲያበቃ «ባዕድ ነገር አለበት» የሚል ወረቀት ይመጣል። ስለዚህ መሣሪያችን ዓይን፣ አፍንጫና ምላስ ነበር። ዓይንና አፍንጫ ታዛዥ ናቸው። ያዋረደኝ ምላስ ነው።

ሥራ ስጀምር ሽበታሙ አለቃዬ፣ «ስማ ይበልጣል፤ አፍ ከበላ ዓይን ያፍራል። ሰው ቤት ከበላህ እርሳስህን ጣላት» ብለውኝ ነበር። በወጣትነት ሰምቼ በወጣትነት ረሳሁት። በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ባለምግብ ቤት ገና ከደጅ ተቀብላ፣ «በሞቴ!» ብላ ሁለት ጉርሻ አጎረሰችኝ። ሁለተኛውን እያላመጥኩ ጓዳ ስገባ ሥጋው ከዕቃ ማጠቢያው በላይ ተሰቅሎ እሳፋው ላይ ይንጠባጠባል። ያፌን ሳልውጥ እንዴት ልናገር? «ቤትሽ ደስ ይላል» ብዬ ወጣሁ። በሚቀጥለው ቤት አልበላም አልኩ። ይኸኛው ባሰ። ባለቤቱ ፊቱ ጠቆረና፣ «ምነው፣ መርዝ አለበት?» አለ፤ በላተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ፣ ሁለቱ ሒሳብ ጠየቁ። ለካ ጤና «አልበላም» ሲል ፍርድ ነው። ሰውዬው ምንም ሳያጠፋ ገበያውን ዘጋሁበት። ብበላ ዓይኔ ሊያፍር፣ ባልበላ ቤት ልዘጋ። ሦስተኛው ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ ስወዛገብ አፌ በራሱ ጊዜ፣ «ጾም ነኝ» አለ።

«ዛሬ ማክሰኞ አይደል እንዴ? የምን ጾም?»

«የንስሐ አባቴ ያዘዙኝ ነው።»

ወይ ግሩም! እንዲህ ያለ ቁልፍ አይታችሁ አታውቁም። በኛ አገር የንስሐ አባት ያዘዙትን ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አይቀየምም። ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «በረከትህ ይደርብን» ብላ ራሷ ጓዳዋን ከፈተችልኝ። የፈለግሁትን አየሁ፣ የፈለግሁትን ጻፍኩ። ከዚያ ወዲያ ማክሰኞም ጾም ነኝ፣ ቅዳሜም ጾም ነኝ፤ በበዓለ ሃምሳ እንኳ፣ ቤተ ክርስቲያን ራሷ አትጹሙ በምትልበት ወራት፣ ዓይኔን አስለምልሜ ጾም ነኝ። ቡሬና ፍኖተ ሰላም ውስጥ ስሜ ተረሳና «ጾመኛው» ሆንኩ። ግማሹ ሰው ጻድቅ ነው አለ። ግማሹ ደግሞ፣ «ይኸን ያህል ጾም ያሳዘዘው ማንን ገድሎ ነው?» እያለ በሩቁ ይሸሸኝ ነበር። እውነቱን የሚያውቀው ቡሬ እህል የሚነግደው ጓደኛዬ ሰይድ ብቻ ነው። ከመጋዘኑ ጀርባ ባለችው ክፍል እየደበቀ ወተትና የተቀቀለ እንቁላል ያበላኛል። «አንተ ሰውዬ፣ እኛ በዓመት አንድ ወር ጾመን ጉንጫችን ይጎደጉዳል። አንተ ዓመት ሙሉ ጾመህ ቀበቶህን አሰፋህ!» ይለኛል። እኔ እስቃለሁ። ሳቁ ግን እየቆየ አልወርድ አለኝ፤ አሮጊቶች ከመቀመጫቸው ብድግ ይሉልኝ ጀመር። የተጣላ ባልና ሚስት ላስታርቅ ተጠራሁ። ይባስ ብሎ ያየሁትን ምግብ ቤት «ጾመኛው ያየው ነው» ብለው ዓይናቸውን ጨፍነው ይበሉበት ነበር። ዛሬ ሆዴ ከፊቴ ሦስት እርምጃ ቀድሞ ሲሄድ ለምታዩኝ ይኸ ቀልድ ነው የሚመስላችሁ። ያን ጊዜ ያልበላሁትን ነው አሁን በወለድ የምበላው።

አንድ የጥር ወር ላይ እትዬ ውባለም የሚባሉ ሴት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቢሮዬ ድረስ መጡ። ከማንኩሳ ወረድ ብላ ባለች መንደር የታወቁ ገበሬ የነበሩት የአያ ታደገ ሚስት ናቸው፤ አያ ታደገ በቅርቡ ማረፋቸውን ሰምቻለሁ። እኔ የልጃቸው እኩያ ስሆን፣ «አንቱ» አሉኝ፣ «አንቱ የጾም የጸሎት ሰው ነዎት። የሳቸውን ተዝካር ቅዳሜ አወጣለሁ። ከቄሶቹ ጋር ተቀምጠው አንድ ጊዜ ‹ነፍስ ይማር› ቢሉልኝ ለሳቸውም ይበቃቸዋል፣ ለኔም ክብሬ ነው።» ተዝካር እንዲህ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ለሟች አንዴ ነው የሚወጣው። ካማረ «የእገሌ ተዝካር» እየተባለ ለልጅ ልጅ ይወራል፤ ከከፋም እንደዚያው። እምቢ ማለት ነበረብኝ። «ሥራ አለኝ» ማለት ነበረብኝ። ይሉኝታ ጎተተኝና «እሺ» አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ስደርስ ዳሱ ሞልቷል። ካኪ ቁምጣና ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ አዲስ ኮንጎ ጫማ ያደረጉ ጎረምሶች፣ ከገበያ የቀሩ ሴቶች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች። እኔን ከቄሶቹ መሃል፣ ከመምሬ አየለ ጎን አስቀመጡኝ። የሟቹ ወንድም አያ ካሴ ድግሱን እንደ ጦር አዛዥ ያዝዛል። ከቡሬ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜሎች አስመጥቷል፤ መክደኛቸው እየተጠመዘዘ የሚጠብቅ ዓይነት፣ ያን ጊዜ ለገጠሩ ብርቅ ነው። «የጋን ዘመን አለፈ! ይኸ ዝንብ አያስገባ፣ ትንፋሽ አያስወጣ!» እያለ በመዳፉ ይደበድባቸዋል። ጸሎቱ ወደ ማለቁ ሲሆን ወጥ ሊያወጡ የአንዱን በርሜል ክዳን ጠመዘዙት። በርሜሉ እንደ ለስላሳ ጠርሙስ «ፉሽ» አለ።

ሌላው ሰው አልሰማም፤ ወይም ሰምቶ ደስ አለው። እኔ ግን ያን ድምፅ ተበላሽቶ ከተነፋ የታሸገ ምግብ ቆርቆሮ አውቀዋለሁ። ብድግ ብዬ ወደ ወጥ ቤቶቹ ዞርኩ። ሽታው በበርበሬና በኮረሪማ ተሸፍኖ እንጂ ከሥሩ ሌላ ነገር አለ።

«ይኸን ወጥ ማን ቀመሰው?» አልኳት የወጥ ቤቶቹን አለቃ።

«ኧረ በስማም በሉ! ማን ይቀምሳል? በሬው ሐሙስ ማታ ታረደ፣ ወጡ ዓርብ ጠዋት ተሠራ፤ ዓርብ ጾም ነው። ዛሬ ደግሞ ቄሶቹ ሳይባርኩ የትኛዋ ባለጌ አፏን ታስቀድማለች? እኛ በአፍንጫ ነው የሠራነው።»

«ከምድጃ እንዳወጣችሁት ትኩሱን ነው የከደናችሁት?»

«አዎ፤ እንዳይነፍስበት ብለን፣ አያ ካሴ ራሱ ጠምዝዞት።»

ገባኝ። አንድ ሙሉ በሬ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ከነሙቀቱ ታፍኖ አድሯል፤ በዚያ ላይ ካገር ምላስ አንድም አልነካውም። እትዬ ውባለምን ወደ ጥግ ወስጄ ወጡ እንዳይቀርብ ነገርኳቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። አያ ካሴ ሰማና ድምፁን ከፍ አደረገ።

«አገር ይፍረደኝ! ዓመት ሙሉ ሥጋ አፉ ያልገባ ሰው የሥጋ ወጥ ቢከረፋው ምን ይገርማል? ለጾመኛ የሙሽራ ጥብስም ይገማዋል!»

«እውነቱን ነው፣ ያያ ይበልጣል አፍንጫ መንኗል!» አለ አንዱ ከዳሱ። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። እኔም መሳቅ አማረኝ፤ ቀልዱ ጥሩ ነበር።

እትዬ ውባለም አልሳቁም። «አንቱ፣ በቁሜ አይግደሉኝ» አሉኝ። «የሰውዬውን በሬ ነው ያረድኩት። ሳይቀምሱ እንዴት አወቁ?»

ሴትዮዋ እውነት አላቸው። ሳልቀምስ የተዝካር ወጥ ድፉ ማለት አልችልም። ዝም ብል ጻድቅ ሆኜ እቀራለሁ፤ ማታውን ግን ያ ሁሉ ሽማግሌ፣ ያ ሁሉ ሕፃን በየሜዳው ሆዱን ይዞ ሊወድቅ ነው። «ማንኪያ ስጡኝ» አልኩ።

መምሬ አየለ ተነሡና እጄን ያዙኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ ያጠፉኝ በደግነታቸው ነው። «ቆይ ልጄ፣ ለወጥ ብለህ ጾምህን አትፍታ። ንስሐ አባትህ ማን ናቸው? የየትኛው ደብር? ልጅ በበቅሎ ልላክባቸውና ይፍቱህ።»

«መምሬ» አልኩ፤ «ንስሐ አባት የለኝም።»

በጎጃም ምድር ሰው ፊት ቆሞ «ንስሐ አባት የለኝም» ከማለት «አዎ፣ ሰው ገድያለሁ» ማለት ይሻል ነበር።

«የሉህም?»

«የሉኝም። ጾምም አልነበርኩም። ሰው ቤት ላለመብላት ብዬ ነው።»

ከሴቶቹ ወገን አንዷ ደረቷን መታች። «ውይ ጉዴ! እኔ እኮ ልጄ ሲታመም በዚህ ሰው ጸሎት ብዬ ነው የተሳልኩት!» መሬት ተከፍታ እንድትውጠኝ የጠበቅሁበት ጊዜ ያ ነው፤ መሬት ደግሞ በዚያ ወራት ደርቃ እንደ ድንጋይ ናት። ማንኪያውን ነክሬ ቀመስኩ። ከላይ በርበሬው፣ ከሥር ቅቤው፣ ከመሃል ግን ምላስን እንደ ሳማ የሚለበልብ ኮምጣጣ ነገር። ዞር ብዬ ተፋሁት።

«አይበላም።»

አያ ካሴ ይኸን ይጠብቅ ነበር። «ሰማችሁ? አሁን በአፉ ውሸታም ነኝ አለ፤ አሁን ደግሞ እመኑኝ ይላል!»

ምን እላለሁ? እውነት ነው። ያን ጊዜ እትዬ ውባለም መጥተው ማንኪያውን ከእጄ ወሰዱ። ከዚያው በርሜል ጨልፈው አፋቸው አገቡት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆዩ። ሰው ሁሉ አፋቸውን ያያል።

«ድፉት» አሉ።

ጎረምሶቹ ከአጥር ውጪ ጉድጓድ ቆፍረው ወጡን አመድ ነስንሰውበት ቀበሩት። ያ ሁሉ ሰው ዓርብ ለሠራተኛው ከተሠራው በተረፈ ሽሮና ክክ አፉን አብሶ ተነሣ። የአያ ታደገ ተዝካር በሽሮ ወጣ። ወደ ቤቱ የሚሄደው ሰው፣ «ምስኪን ታደገ፣ ሰማይ ቤትም ጾም ገባ» ሲባባል ከጭድ ክምሩ ጀርባ ተደብቄ እሰማለሁ። የፍኖተ ሰላም የጤና ተቆጣጣሪ ጭድ ውስጥ፣ በቡኒ ኮቱ! መምሬ አየለ እዚያ አገኙኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ ንስሐ አባትህ እኔ ነኝ» አሉ። «ስግደት አላዝህም። ጾምም አላዝህም፤ ጾምን አሰድበኸዋል፣ ለጊዜው ይረፍብህ። አንድ ነገር ነው የማዝህ። ያቺን ሴት ከእንግዲህ ‹የገማ አብልታ ልትፈጀን ነበር› ይሏታል፤ ከቤቷ እህል የሚቀምስ ታጣለች። አንተ በገበያ ቀን፣ በሩ ተከፍቶ፣ ሰው እያየህ ቤቷ ገብተህ ትበላለህ። ስሟን በምላስህ ጥለኸዋል፣ በምላስህ አንሣው።»

ሰው በንስሐ ሲጾም አውቃለሁ። በንስሐ ብላ የተባለ ከኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም። ለብዙ ሰው ይኸ ቅጣት ሽልማት ነው፤ እኔ ግን ሳምንታት ፈጀብኝ። ማንኩሳ ደርሼ እመለሳለሁ፣ ሥራ በዛብኝ እላለሁ። በመጨረሻ የሰማሁት ነገር ወሰደኝ፤ የጽዋ ማኅበርተኞቹ የእትዬ ውባለም የመደገስ ተራ ሲደርስ ዘለሏቸው አሉ። «ዕረፊ፣ ሐዘን ላይ ነሽ» ብለው ነው በትሕትና፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን እሳቸውም ያውቁታል፣ እነሱም ያውቁታል።

የገበያ ቀን፣ ሰው በሚመለስበት ሰዓት ሄድኩ። ቤታቸው መንገድ ዳር ነው፣ በሩ ተከፍቷል። እትዬ ውባለም ሲያዩኝ አልደነገጡም፤ መምሬ አየለ ነግረዋቸው ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እጄን አስታጠቡኝ፣ በሩ ትይዩ ያለው መደብ ላይ አስቀመጡኝ፣ ቀይ ወጥ አቀረቡ። እኔ አቀርቅሬ የሸራ ጫማዬን ጫፍ እቆጥራለሁ። እትዬ ውባለም ከወጡ ዳር በእንጀራ ጠቅሰው በፊቴ አንድ ጊዜ ቀመሱ።

«ልትቀምስ ነው የመጣህ ወይስ ልትበላ?» አሉኝ። «አንቱ» ቀርታለች።

«ልበላ ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያ እንደሚበላ ሰው ብላ!» ድምፃቸው መንገድ ድረስ ይሰማል።

ጎረስኩ። ወጡ ጥሩ ነበር፣ በጣም ጥሩ ነበር፤ እሱ ነው የከበደኝ። በደጃፉ ከገበያ የምትመለስ ሴት ባዶ እንቅቧን ይዛ ቆም አለች። ከማኅበርተኞቹ አንዷ ናት። «እንዴት ዋላችሁ?» አለች፤ ዓይኗ የኔ አፍ ላይ ነው። እኔ አላመጥኩ። ዋጥኩ። ደግሜ ጎረስኩ። እትዬ ውባለም ወደ ሴትዮዋ ሳይዞሩ፣ «እግዜር ይመስገን፤ ግቢ፣ እህል ቅመሺ» አሉ። ሴትዮዋ እንቅቧን በሩ ላይ አስቀመጠችና ገባች። እኔም ቀና ሳልል መደቡ ላይ ፈቀቅ አልኩላት።